የልጄን ደብዳቤ ደበቅኩት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ወንድ። በዘጠኝ ዓመቱ በዲቪ ይዤው መጣሁ። እስካሁን ሁለታችንም ግሪን ካርድ ላይ ነን። ባለፈው ወር 18 ዓመት ሞላው፤ ወዲያው ወንዶችን ለውትድርና ጥሪ ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ከሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ «ተመዝገብ» የሚል ደብዳቤ በስሙ መጣ። ዜናው ሁሉ ኢራን፣ ሩሲያ፣ ቻይና ነው። አሜሪካ የግዳጅ ውትድርና ልትመልስ ነው እንዴ? ደብዳቤውን ሳላሳየው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ልጅ መሆኑስ አያስምረውም?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤውን ለምን እንደደበቅሽው ገብቶኛል። እናቴ የደበቀችው ደብዳቤ ሳይሆን ልጇን ነበር።

ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጁን ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ይላል አዋጁ። ሰፈር ሲወርድ ግን ቀበሌው ኮታ አለበት። ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ኮርኒስ ላይ አወጣችው። ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ታቀብለው ነበር። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ከረምን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቀበሌ ጠባቂዎች ገቡ። «ልጅሽ የት ነው?» ሲሏት፣ ከኮርኒሱ ስንጥቅ አቧራ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ቀና አሉ።

ሁለት ዓመት ተኩል የተባለው ሰባት ዓመት ሆነ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ መጣ። እናቴ በሩን ከፍታ አየችውና ለማኝ መስሏት ዳቦ ልታመጣለት ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ስለዚህ ፍርሃትሽን አልነቅፍም። ግን መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ወረቀት የአፈሳ ወረቀት አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በግዳጅ ወታደር መውሰድ ያቆመችው በ1973፣ የቬትናም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። ምዝገባው ራሱ በ1975 ቆሞ ነበር። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ስትገባ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 መለሱት፤ ለልጅሽ የመጣው ደብዳቤ መነሻው ያ ነው። ከዚያ በኋላ የኢራቅ ጦርነት መጣ፣ ሃያ ዓመት የፈጀው የአፍጋኒስታን ጦርነት መጣ። አንድም ሰው በግዳጅ አልተጠራም። በ2022 ምድር ጦሩ ከሚፈልገው ምልምል 15 ሺህ ያህል ሲጎድለው እንኳ በፈቃደኞች ብቻ ነው የቀጠለው። በጥር 2020 የኢራኑ ጄኔራል ሶሌይማኒ ሲገደል ሕዝቡ እንዳንቺው ደንግጦ የሴሌክቲቭ ሰርቪስን ድረ ገጽ አጨናንቆት ነበር። ያኔም ማንም አልተጠራም።

ፈጽሞ አይመለስም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሊትዌኒያ በ2015፣ ስዊድን በ2017 ያቆሙትን መልሰዋል፤ ሁለቱም ሩሲያን ፈርተው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ሊመልሱት አይችሉም፤ መጀመሪያ ኮንግረሱ ሕግ ማውጣት አለበት። ቢመለስ እንኳ በልደት ቀን ዕጣ ይወጣል። ቀድመው የሚጠሩት በዚያ ዓመት 20 የሚሞላቸው ናቸው፤ ቀጥሎ ከ21 እስከ 25 ያሉት። የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ከሁሉም መጨረሻ ናቸው።

አንድ ልጅ መሆኑ ያስምረዋል ወይ ላልሽው፣ አያስምረውም። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል፤ ብዙ እናቶች ያስምራል ብለው ስለሚያምኑ ግን መናገር አለብኝ። ሕጉ የሚያስበው ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በውትድርና ለሞቱበት ልጅ ነው። ኮሌጅ መግባቱም የያዘውን ሴሚስተር እስኪጨርስ ያቆየዋል እንጂ ነፃ አያወጣውም። ሃይማኖቱ ወይም ሕሊናው መሣሪያ ማንሳት የማይፈቅድለት ሰው ግን በጥሪው ጊዜ ያንን አስረድቶ በሌላ ሥራ ማገልገል ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ጦርነቱ ሳይሆን መሳቢያው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ወንድ 18 ዓመት በሞላው በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቢዘገይም 26 እስኪሞላው ይቀበሉታል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ዜግነት ሲያመለክት ቅጹ ላይ ይጠይቁታል። «አውቀህ ነው የቀረኸው» ከተባለ ዜግነቱ ሊከለከል ይችላል። የፌዴራል መንግሥት ሥራም እንደዚያው። ከአሁን ወዲያ መደበቁም አያዋጣም፤ በታኅሣሥ 2025 የወጣው ሕግ መንግሥት በእጁ ካለው መረጃ ወጣቶቹን ራሱ እንዲመዘግብ ያዛል።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቢ ደብዳቤውን አውጪና ስጪው። ለምን እንደደበቅሽበትም ንገሪው፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ለመስማት ይደርሳል። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ከሆነ ምናልባት በዚያው ተመዝግቦ ይሆናል፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የሴሌክቲቭ ሰርቪስ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ይፈልግ። ከሌለ እዚያው ይመዝገብ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። የመመዝገቢያ ቁጥሩን አትሙና ከግሪን ካርዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።