ዔሊ ሐናን ሰክራለች ባለ ጊዜ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ ነው። አባታችን አገር ቤት ካረፈ አምስት ወሩ ነው። እናታችን እዚህ የመጣችው አራስ ልትጠይቀኝ ነበር፤ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ሊነጋጋ ሲል «አባትሽ በስሜ ጠራኝ» ትላለች። ክሊኒክ ስንወስዳት ያስተረጎመላት የ14 ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ነው። ሐኪሙ «የሌለ ድምፅ ትሰማለች» ብሎ ሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ሳይሆን አይቀርም አለና ኪኒን አዘዘላት። ቤተሰቡ በጣም ተናደደ። ሁለት ዓመት ሕክምና ላይ የቆየው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «አያችሁ፣ እነዚህ ሰዎች አያውቁንም» ብሎ የራሱን መድኃኒት አቆመ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ጎረቤቶቼ በስልኬ ውስጥ ያወራሉ፣ መተት አድርገውብኛል ይላል። አንድ አጥማቂ «ኪኒንና ጸበል አብረው አይሄዱም» ብሎታል። እናቴ እውነት ታማለች? ወንድሜስ ጸበል ብቻ ይበቃዋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ጊዜ ስለማይሰጥ ከወንድምሽ ልጀምር። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውሉ። መድኃኒቱን ማቆሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የሚለውን ሁሉ ንገሩት። ራሴን አጠፋለሁ ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ አሜሪካ ውስጥ ቀንም ሌሊትም 988 ላይ መደወል ይቻላል። አደጋው ከፊታችሁ ከሆነ 911 ነው። ይህን አድርጊና ቀሪውን ተመልሰሽ አንብቢው።

አሁን ወደ እናትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያለችኝ የሳሙኤል እናት ሐና ናት። ልጅ አጥታ፣ ልቧ ተሰብሮ ቤተ መቅደስ ገባች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አያትና ሰክራለች ብሎ ደመደመ። «ስካርሽ እስከ መቼ ነው?» አላት። እሷም ልቧ ያዘነባት ሴት እንደሆነች፣ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደሆነ ነገረችው። ዔሊ ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ሳይጠይቅ ስም በመስጠቱ ነው። እንዲህ የተሳሳተው ደግሞ ካህን ነው፤ ስለዚህ ጣታችንን ሐኪሙ ላይ ብቻ አንቀስር።

እናትሽ በአገራችን ወግ ሐዘን ላይ ናቸው። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ጥቁር መልበስ፣ ፀጉር መላጨት፣ መሬት መተኛት ለእኛ የፍቅር ቋንቋ ነው። እናትሽ ደግሞ አስከሬን አልሸኙም፣ ለቀስተኛ አልተቀበሉም፣ ደረት አልመቱም። ባል የሞተባት ሴት ሊነጋጋ ሲል ስሟ ሲጠራ ብትሰማ፣ ይህ ብቻውን እብደት አይደለም። የማወራው የካህን ቤት ወሬ እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዲ.ኤስ.ኤም የሚባል የምርመራ መመሪያ አለው። እዚያ ውስጥ፣ ሰው ሲሞት የሚጠበቅና በባህሉ ተቀባይነት ያለው ሐዘን የአእምሮ ሕመም ተብሎ እንደማይቆጠር ተጽፏል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም ሲጨምር እንኳን፣ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ማለፍ አለበት ይላል። ሐዘኑም ሰውየው ከሚኖርበት ባህልና ሃይማኖት ልማድ የበለጠ መሆን አለበት። 12 ወር ማለት እኮ ሙት ዓመት ነው፤ የእኛ እናቶች ጥቁር የሚያወልቁበት ጊዜ።

እዚሁ መመሪያ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙ የሚጠይቃቸው 16 ጥያቄዎች አሉ። ችግሩን አንተ ራስህ ምን ትለዋለህ? ቤተሰብህስ ምን ይለዋል? ከምን የመጣ ይመስልሃል? እስከ አሁን ማን ረዳህ? የጸሎት ቤትህ ሰዎች ምን አሉ? እንዲህ ያሉ ናቸው። የኛው «ዛር» እንኳን በ1994 እ.ኤ.አ. እትም በስሙ ተጠቅሶ ነበር። ስለዚህ «አያውቁንም» ማለት ሙሉ እውነት አይደለም። መጠየቂያው አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ለአንድ ሕመምተኛ ያለው ደቂቃ ትንሽ ነው፤ እኛም ሳይጠየቅ መናገር አንወድም።

ስለ አስተርጓሚው የማልረሳውን ነገር ልንገርሽ። አንዲት እናት ሆስፒታል ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። አስተርጓሚው ዘመድ የሆነ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው ውሃ፣ አማርኛው ግን የቤት ብቻ። «ልቤ ተቃጠለ፣ አንጀቴ አረረ» አለች። ልጁ ቃሉን እንዳለ ገለበጠው። ሐኪሙ ሆዷን ነካካ፣ ምን እንደምትበላ ጠየቀ፣ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈ። ያች ሴት ልጇ በስደት መንገድ ላይ ጠፍቶባት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ ወረቀቱን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «መምህር፣ እኔ እኮ ጨጓራ የለብኝም» አለችኝ። ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እኛ ሐዘንን በአካላችን ነው የምንናገረው። ሆዴ ባባ፣ ልቤን ይመታኛል፣ ጭንቅላቴን ይነደኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል እንላለን። «አፈር ስሆን ብላ» የምትል እናት ልጇ እንዲበላላት እየለመነች ነው። «ምነው እኔን ባስቀደመኝ» የምትል መበለት እያለቀሰች ነው። እነዚህ ቃላት ቃል በቃል ሲገለበጡ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ራስን ማጥፋት ይሆናሉ። ነገር ግን ተጠንቀቂ። «የኛ ሰው አነጋገሩ ነው» ብለን እውነተኛውን ጩኸትም እንዳናልፈው። ካጠራጠረሽ እናትሽን ለብቻቸው አድርገሽ በግልጽ ጠይቂ፦ «እማዬ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣባቸውም። ይልቅ ሸክሙን ያቀልላቸዋል።

የ14 ዓመት ልጅ ግን ማስተርጎም የለበትም። አያቱ ስለ ሞት ስትናገር እሱ ምን ሆኖ ነበር? በመንግሥት ገንዘብ የሚረዱ የአሜሪካ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለሽ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። በስልክም ቢሆን ይመጣል። እናትሽን እንደገና እንዲመረምሯቸው ጠይቂ። ስትሄዱ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ፦ መርዶው እንዴት እንደተነገራቸው፣ ቀብሩን እንዳላዩ፣ ጥቁሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ጾም ከሆነ እስከ ስንት ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ። በሁዳዴ ከቀትር በኋላ የሚበላን ሰው «የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እስከዚያ ኪኒኑን በራሳችሁ አትጣሉት፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ስል እናትሽ አልታመሙም ብዬ አልፈርድም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐዘን ወደ ድብርት ሊሄድ ይችላል። ጾሙ ተፈትቶም ካልበሉ፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ፊታቸው ካልፈታ፣ ከመኝታ መነሣት ካቃታቸው፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያሉ ራሳቸውን ከከሰሱ፣ ይህ ከወጉ ያለፈ ነው።

ደግሞ ሌላ ጠባያችን አለ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ሞት አፋፍ ላይ ሆነንም እንላለን። ምስጋናው ደግ ነው፣ አይቅር። ግን ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ምስጋናውን አስቀድሞ ቁስሉን ደግሞ ያሳይ። ዳዊትም አመስግኗል፤ መኝታዬን በእንባዬ አርሳለሁም ብሏል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም «ባህላችንን አያውቁም» የሚለው እውነት ለእናትሽ ጋሻ ሆኖ ሳለ ለእሱ ወጥመድ ሆኖበታል። ባህልን አውቆ መመርመር ማለት ሕመምን መካድ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ሕመሙን ይበልጥ ያጋልጠዋል። ምሳሌ ልስጥሽ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ የሚያደርስ ምእመን ለማያውቅ ሐኪም ቁጥር የያዘው በሽተኛ ሊመስል ይችላል። እኛ ጋ ግን ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ያለቀ ጊዜ ሰውየው ተሳልሞ ይተኛል። ሌላው ደግሞ 41 ሲሞላ «አንዱን በሐሳብ ስለቆጠርኩት አልሆነም» ብሎ ከአንድ ይጀምራል፤ ሌሊቱ ይነጋበታል። የንስሐ አባቱ «ይበቃሃል ልጄ» ቢለውም ማቆም አይችልም። የሁለቱም አፍ የሚለው አንድ ቃል ነው። የሁለተኛው ግን ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ይህን ከሐኪሙ ቀድመን የምናውቀው እኛ ነን።

የወንድምሽም እንዲሁ ነው። ከሐኪሙ ዘንድ ሄዳችሁ «መተት አለ ብሎ ማመን በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው» ብትሉት እውነት ነው። ግን እሱ ይጠይቃችሁ፦ «ጎረቤት በስልክ ውስጥ ያወራል ብሎ የሚያምን ሌላ ሰው ከመካከላችሁ አለ?» እናትሽ ያምናሉ? አንቺ ታምኛለሽ? የለም። ሰንበቴው ውስጥ የሚያምን አለ? የለም። እንቅልፉ ጠፍቷል፣ ሰው ይሸሻል፣ መድኃኒት ባቆመ ማግስት ተመለሰበት። ይህን የምትመሰክሩት እናንተ ቤተሰቦቹ ናችሁ።

አንድ ስጋትሽን ግን አልንቀውም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሕሙማን ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ከነጮች ይልቅ ስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለባቸው የመባል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን የአገሩ ተመራማሪዎች ራሳቸው ለዓመታት ጽፈውታል። ስለዚህ ስለ ወንድምሽ ሕመም ስምም ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጥያቄው ግን መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠየቅ።

ጸበልን በተመለከተ። ጸበል እወዳለሁ፤ ስጠመቅ አድጌያለሁ፣ ሲድኑም አይቻለሁ። ግን ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር በደዌ የተያዙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ሁሉንም አጋንንት አላላቸውም። እኛ ለምን እንላለን? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸልይ ይላል፤ ከዚያ ለሐኪም ቦታ ስጠው ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤድስ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ መክረዋል። መድኃኒት አስጥሎ የሚያጠምቅ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የተቀበለው ሥልጣን የለውም። ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰርም የእምነት ምልክት አይደለም። አገር ቤት «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ ሆኖ መኖሩ ያሳዝነኛል። የአምላክ ስም የተሰጠው የሕክምና ቤት እኮ ነው።

ኪኒን ጾም አያስፈታም። የታመመ ሰው ጾሙ በንስሐ አባቱ ይቀልለታል። ለቅዱስ ቁርባን ለ18 ሰዓት የሚጾም ከሆነ የኪኒኑን ሰዓት ሐኪሙና ንስሐ አባቱ አብረው ያስተካክሉለት። በተለይ ሊቲየም የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ውሃ ሳይጠጡ መዋልና በጸበል ብዙ ማስታወክ መድኃኒቱን ወደ መርዝ ሊለውጠው ይችላል፤ ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይሞክረው። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ይዋጥ፣ በሁለቱም ላይ በስመ አብ ይበል። ፈቃደኛ ከሆነ ስልኬን ስጪው፤ ስለ መተቱ ሳልከራከረው እሰማዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ሐኪሙ አብረን እንሄዳለን።

የአባትሽ መንፈቅ በሚቀጥለው ወር ነው። እናትሽ ቀብሩን አላዩም፤ ስለዚህ እዚያው ደብራችሁ ፍትሐት ይደረግ። ንፍሮ ቀቅሉ፣ ሰው ጥሩ፣ እናትሽ ከፊት ይቀመጡ። ለቅሶ ያልደረሳቸው ሰው ይድረሳቸው፤ ደረታቸውን መምታት ቢፈልጉ ማንም «ይብቃዎ» አይበላቸው። የአባትሽን የክርስትና ስም ጻፊልኝ፤ እኛም እዚህ በቅዳሴ እናነሣቸዋለን።