መልስ፦ የሚስተር ቢን ፊልሞች እንደ ቲቪው ያስቃሉ ወይ ላልከው
እይ ወንድሜ፣ ግን በፈረንጅ 2007 የወጣውን አስቀድም። የ1997ቱ ላይ ቢን የስዕል ኤክስፐርት ነው ተብሎ ሎስ አንጀለስ ይላካል፣ ችግሩ ብዙ ያወራል፣ ቢን ሲያወራ ደግሞ እኔ አይዋጥልኝም፣ እንግሊዝኛ የማትሰማው አያቴ ሳትቀር ትስቅበት የነበረው እኮ ዝም ስለሚል ነው። ቢሆንም ውዱ ስዕል ላይ አስነጥሶበት ልጥረግ ብሎ ቀለም በነካው መሀረብ ጭራሽ የሚያበላሸው ቦታ ላይ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት 😂 የ2007ቱ ግን የድሮው ቢን ራሱ ነው፣ ሎተሪ ደርሶት ካን የምትባል የባህር ዳር ከተማ ሊዝናና ፈረንሳይ ይገባል፣ ፓሪስ ሬስቶራንት ውስጥ ኦይስተሩ (ከነቅርፊቱ የሚቀርብ የባህር ምግብ) አልዋጥ ሲለው አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ቀስ አርጎ ሲገለብጠው በናትህ! መሀል ላይ ትንሽ ይንዛዛል፣ ግማሽ ሰዓት የለመደ ቀልድ ፊልም ሙሉ ሲለጠጥ ያው ነው።