ቆየት ያለ ሽጉጥ ለዕለት መያዣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አሮጌ ሽጉጥ ናቸው። መልሳችን ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «የአባቴ ነው፣ ቤት የነበረ ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ሱቅ አለኝ፤ ማታ የቀኑን ሽያጭ ይዤ ነው የምገባው። ፈቃድ ጨርሻለሁ። ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ ወይም ብራውኒንግ መውሰድ እችላለሁ። ብራውኒንጉ 13 ጥይት ስለሚይዝ ልቤ እሱ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ማካሮቩን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቤልጅየም ውስጥ መመረት የጀመረው ብራውኒንግ ከሦስቱ በአሠራሩ ምርጡ መሆኑን አንክድም፤ በእጅ ሲያዝም ደስ ይላል። ነገር ግን ለዕለት መያዣ የሚመረጠው በጥይቱ ብዛት አይደለም። ጥይት ጎርሶ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ሲውል እንዳይተኩስ የሚይዘው ምንድን ነው? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የብራውኒንግ ምላጭ የሚሠራው ከኋላ ያለው መዶሻ አስቀድሞ ከተነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ተነስቶ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ መዋል አለበት፤ አለበለዚያ ደግሞ ሳይጎርስ ይዞ በችግር ሰዓት በሁለት እጅ ማቀባበል ነው። የድሮዎቹ ሴፍቲ ትንሽና ጠጣር ስለሆነ አውራ ጣት ይንሸራተትበታል። በዚያ ላይ ባዶውን ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሰኞ ገበያ ሽቅብ የሚመላለስ ሰው ቀበቶው ወደ አንድ ጎን ሲጎትተው ከዋለ፣ በሳምንቱ ሽጉጡን መሳቢያ ውስጥ ትቶት መውጣት ይጀምራል።

ቶካሬቭ ስስ ስለሆነ ከጃኬት ሥር አይታወቅም፤ ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ዋናው የሶቭየት ሥሪት ግን ሴፍቲ የሚባል ነገር የለውም። መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው ያለው፤ ይህ ጥርስ ደግሞ በዕድሜ ያልቃል። ለውጭ ገበያ የተሠሩ አንዳንዶቹ ሴፍቲ ተጨምሮላቸዋል፤ ዋናው ግን ጎርሶ ወገብ ላይ አይውልም።

ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቭየት ጦር የተቀበለው ነው። ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። በግራ በኩል ያለው ማንሻ ወደ ላይ ሲገፋ የተነሳውን መዶሻ ጥይቱን ሳይነካ ያወርደውና ይቆልፈዋል። ወደ ታች ሲመለስ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ብዙዎች ይህን ክብደት እንደ ጉድለት ያወሩታል፤ እኛ ግን ለደነገጠ ጣት የተሰጠ የማሰቢያ ጊዜ አድርገን እናየዋለን። እጅዎ እስኪለምድ ድረስ ግን ማካሮቩንም ሳያጎርሱ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ማካሮቭ ልወስድ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይሳቡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ስበው ጥይት ካወጡ በኋላ ካዝናውን ቢነቅሉ፣ ሽጉጡ ሌላ ጥይት ጎርሶ ይጠብቅዎታል። «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ሰው የሚመታው ባብዛኛው እንዲህ ነው። ጎሬውን፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበትን የቱቦውን ኋላ፣ በዓይን አይተው በትንሿ ጣትዎ ይዳስሱት።

ባዶውን መዶሻውን ያንሱና ከኋላ በአውራ ጣት ገፋ ያድርጉት። ከወደቀ ተዉት፤ መያዣው ጥርስ አልቋል። ካልወደቀ ማንሻውን ወደ ላይ ይግፉ፤ መዶሻው መውረድ፣ ምላጩም መሥራት ማቆም አለበት። ማንሻውን ሲመልሱት መዶሻው ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ቀጥሎ ይፍቱት። ማንሻው ታች ይሁን። የምላጩን ከለላ ወደ ታች ስበው ትንሽ ወደ ጎን ያሳርፉት። ላይኛውን ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበው ኋላውን ወደ ላይ ብድግ ያድርጉና ወደ ፊት ያውጡት። አሁን ያንን ብረት ጆሮዎ አጠገብ ነቅነቅ ያድርጉት። ኳ ኳ ማለት አለበት። የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ሞላ የለውም፤ በነፃነት ወዲያ ወዲህ ይላል። ዝም ካለ አሮጌ ግራሶ ይዞታል ማለት ነው። ወደ ፊት ወጥቶ የተጣበቀ መርፌ ደግሞ ሽጉጡ ሲዘጋ፣ ምላጭ ሳይነካ ያስተኩሳል። የመርፌው ቀዳዳ ይጸዳል እንጂ ዘይት አይቀባም፤ ግራሶማ ጨርሶ አይታሰብም።

በአፈሙዙ በኩል ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ውስጡ ላይ ጥቁር ቀለበት ከታየ ቱቦው አብጧል፤ አንድ ጊዜ የተቀረቀረ አረር ላይ ሌላ ተተኩሶበታል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ አይወሰድም። ቱቦው ላይ የሚጠመጠመውን ሞላ ሲመልሱ ጠበብ ያለው ጫፍ በአፈሙዙ ላይ አስቀድሞ ይገባል፤ ተገልብጦ መግባት የተለመደ ስህተት ነው። የካዝናው ከንፈር ያልተሰነጠቀና ያልተጣመመ ይሁን። የመጨረሻው ጥይት አፍንጫውን እየደፋ የሚያስቸግር ከሆነ የካዝናው ሞላ ደክሟል፤ ሞላውን መለወጥ እንጂ ሽጉጡን መውቀስ አያስፈልግም። በሽጉጡ ላይ ያለው ቁጥር ከፈቃዱ ወረቀት ጋር በአሃዝ ሳይቀር መመሳሰሉንም ይዩ።

የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። አረሩ 9.27 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ስሙ «9» ከሚል ሌላ ጥይት ጋር አይቀላቀልም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አባታችን ሲያርፉ ሳጥን ውስጥ የጣሊያን ቤሬታ አገኘን። ወንድሜ «ለመንገድ ልያዘው» ይላል። ይሆናል ወይ?

መልስ፦ አላህ ይማራቸው። መጀመሪያ ማንም እንዳይነካካው፤ በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ አስታውቁና በእነሱ ፊት ይፈተሽ።

ላይኛው ብረት ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን የሮማውያን አኃዝ ካለ፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሽስቱ ዘመን ቁጥር ነው፤ በዚያ ምልክት የቤሬታ 1934 ሞዴል ሳይሆን አይቀርም። ጥይቱ 9 በ17፣ ካዝናው 7 የሚይዝ ጠንካራ ዕቃ ነው። ችግሩ ሴፍቲው ነው፦ ሙሉ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ዞሮም የሚቆልፈው ምላጩን እንጂ መዶሻውን አይደለም። መዶሻው ተነስቶ ቢወድቅ የሚያስተማምን ነገር የለም። በዚያ ላይ ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ሞላ ነው። ለመታሰቢያነት ሕጉ ከፈቀደላችሁ ይቀመጥ፤ ወንድምዎ ለመንገድ አይያዘው። ባዶውን ስትፈትሹም ጣት ተጠንቀቁ፤ ጥይት ሲያልቅ ላይኛውን ብረት ከፍቶ የሚይዘው ካዝናው ስለሆነ፣ ካዝናው ሲነቀል ጧ ብሎ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ደሴና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። በየሳምንቱ ብጠርገውም ይዝጋል።

መልስ፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ነው የሚወቅሱት። ደሴ ላይ በጭጋግ የቀዘቀዘ ብረት ኮምቦልቻ ሞቃት አየር ውስጥ ሲገባ፣ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። እዚያ እንደደረሱ ወዲያው ቢጠርጉት ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ እንደገና ያልበዋል። ግማሽ ሰዓት ይታገሱና በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ጠብታ ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። ወገብዎን የሚነካው ጎን ላብ ስለሚጠጣ ቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው። ሌሊት ቆዳ ማህደር ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳው እርጥበትና የፋቂ ጨው ይይዛል።

ከተኮሱበት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ብዙዎቹ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋሉ፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። በዚያው ዕለት በሞቀ የሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው።

ጥያቄ፦ ማህደር ገንዘብ ማባከን አይሆንም? ኪስ አለ እኮ።

መልስ፦ ኪስ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ሳንቲም አለ፣ እነሱም ምላጭ መሳብ ያውቃሉ። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ በራሱ የሚቆም ጠንካራ ማህደርና ወፈር ያለ ቀበቶ ይግዙ። ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍተሻ ስላለ ሽጉጥ ከወገብ የሚወጣው በቀን ብዙ ጊዜ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ማውጣትና መመለስ ላይ ነው። ፍተሻ እንዳለ ካወቁ ከቤት ሳያወጡት ይሂዱ። ካልሆነ ከነማህደሩ ፈትተው ለጥበቃው ያስረክቡ፤ ሰልፍ መሐል ቆመው ካዝና አይንቀሉ።