«ጸጋ» የምን ተቃራኒ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጎንደር ከተማ ነው። በቅርቡ አክስቴ ባረፈች ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነው ልጇ «እናቴ በጸጋው ድናለች፤ ሰው በሥራው አይመካም» አለ። አጠገቤ የነበሩ አንድ መሪጌታ ደግሞ «ጸጋማ ለሚሠራ ሰው ነው የሚበዛለት» ብለው መለሱለት። ሁለቱም የሚናገሩት ዐማርኛ ነው፤ የተግባቡ ግን አልመሰለኝም። «ጸጋ» በእውነት የ«ሥራ» ተቃራኒ ነውን? «መመካት»፣ «መታመን» እና «መደገፍ»ስ አንድ ናቸው? «ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ» የምንለው ከዚህ ጋር ይገናኛል? ቃሉ የሚጻፈውስ በየትኛው «ጸ» ነው?

መልስ፦ በለቅሶው ቤት የተጋጩት ሁለት ቃላት አይደሉም፤ ሁለት ቦታ የቆመ አንድ ቃል ነው። የቃል ፍቺ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከፊቱ በሚቆመው ተቃራኒ ነው። «ቀይ» ስንል ስለ ሰው መልክ ከሆነ ከፊቱ የሚቆመው «ጥቁር» ነው፤ ስለ ወጥ ከሆነ ግን «አልጫ» ነው፤ በዚህ ምክንያት አልጫና ጥቁር አንድ ናቸው ብሎ የሚከራከር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። «ጸጋ»ም እንዲሁ ከአንድ በላይ ተቃራኒ አለው፤ መሪጌታውና የአክስትዎ ልጅ የያዙትም የተለያየውን ነው። የተጠየቅሁት ስለ ቋንቋው ስለ ሆነ በሃይማኖቱ ጉዳይ ፍርድ አልሰጥም።

ከሥሩ ልጀምር። በግእዝ «ጸገወ» ማለት በመልካም ፈቃድ ሰጠ፣ ቸረ፣ አደለ ማለት ነው፤ «ጸጋ»ም ከዚሁ ግስ የወጣ ስም ስለ ሆነ ቀዳሚ ፍቺው ስጦታ፣ ቸርነት፣ ሞገስ ነው። «ጽጌ» ከሚለው ስም ጋር የሚያዛምዱት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የ«ጽጌ» ግስ «ጸገየ» (አበበ) ስለ ሆነ ዝምድናው የድምፅ ብቻ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የዐማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ካሪስ» የሚለውን የግሪክ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ጸጋ» ሲለው፣ በሉቃስ 2፥52 ግን ኢየሱስ «በሞገስም» ያድግ ነበር ይላል፤ ይህም ሁለቱ ቃላት በተርጓሚዎቹ ጆሮ ምን ያህል የተቀራረቡ እንደ ነበሩ ያሳያል።

መሪጌታው የተማሩበት ጉባኤ ቤት «ጸጋ»ን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነጻጽረው ከ«ባሕርይ» ጋር ነው። ክርስቶስ የባሕርይ ልጅ ነው፤ ምእመናን የጸጋ ልጆች ናቸው። ለፈጣሪ የሚገባው የባሕርይ ስግደት ነው፤ ለቅዱሳን የሚቀርበው የጸጋ ስግደት ነው። ቅዱሳንም «አማልክት ዘበጸጋ» (በጸጋ የሆኑ አማልክት) ሲባሉ ክብሩ ከሌላ የተቀበሉት እንጂ ከራሳቸው የመነጨ አለመሆኑን ለመናገር ነው። ይህ ንጽጽር በጎንደር እንዲያው የመጽሐፍ ቤት ጨዋታ አልነበረም፤ በጎንደር ዘመን ሊቃውንት በክርስቶስ ቅብዐት (መቀባት) ትርጉም ሲከራከሩ ከወገኖቹ አንዱ ስሙን ያገኘው «የጸጋ ልጅ» ከሚለው ሐረግ ነበር፤ «ሦስት ልደት» ተብሎም ይጠራል፤ ክርክሩም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እስከ ተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ ዘልቋል። እንግዲህ «ጸጋ» ከ«ባሕርይ» ፊት በቆመበት አነጋገር ውስጥ «ሥራ» ተቃራኒው ሊሆን አይችልም። የራሱ ያልሆነውን የተቀበለ ሰው በተቀበለው ሊሠራበት፣ ሲሠራበትም ሊበዛለት ይችላል፤ መሪጌታው ያሉት ይህንኑ ነው።

የአክስትዎ ልጅ የቆመበት ቦታ ሌላ ነው። እርሱ ቃሉን የወሰደው ከጳውሎስ መልእክታት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከ«ጸጋ» ፊት የቆመው «ደመወዝ» ነው። ሮሜ 4፥4 «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም» ይላል። ሠራተኛ ወሩ ሲያልቅ የሚቀበለውን ገንዘብ ስጦታ አይለውም፤ አሠሪው ዕዳውን ከፈለ እንጂ አልቸረም። ስለዚህ «ሥራ» የጸጋ ተቃራኒ የሚሆነው በድካምነቱ ሳይሆን ክፍያ አስጠያቂ በመሆኑ ነው፤ ሮሜ 11፥6 «በጸጋ ከሆነ ግን ከሥራ መሆኑ ቀርቶአል» ሲልም የሚለየው ሁለት የማግኛ መንገዶችን እንጂ ሥራ መሥራትንና አለመሥራትን አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር በጀርመን የቀሰቀሰው ክርክር ይህን የጳውሎስ ንጽጽር የትምህርቱ እምብርት አደረገው፤ የወንጌላውያኑ ዐማርኛም ከዚያ በኩል ወርሶታል።

በቅዳሜ ገበያ እህል የሸመተ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ሻጯ የተከፈለበትን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ብትጨምርለት፣ ያ «ምርቃት» ይባላል። ምርቃት ስጦታ ነው፤ ሆኖም ላልሸመተ አይሰጥም። በለቅሶው ቤት መሪጌታው «ለሚሠራ ሰው ይበዛለታል» ሲሉ የአክስትዎ ልጅ የሰማው ጸጋ ምርቃት ሆኖ ነው፤ እርሱ ሊል የፈለገው ግን ገንዘብ ሳይዝ ገበያ ለወጣ ሰው ቁናው ሙሉ ስለ ተሰፈረለት ነገር ነው። ምሳሌው ለአሰማሙ እንጂ ለትምህርተ ሃይማኖቱ እንዳልሆነ ግን አስታውሳለሁ፤ መሪጌታውም ጸጋን ምርቃት ነው አላሉም።

ለዚህ ለሁለተኛው ፍቺ ዐማርኛ ከ«ጸጋ» ይልቅ የጠራ ቃል አለው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም «እንዲያው» ነው። ሮሜ 3፥24 «በኢየሱስ ክርስቶስም በሆነው ቤዛነት በኩል እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» ይላል። «እንዲያው ሰጠኝ» ያለ ሰው ዋጋም፣ ውለታም፣ ምክንያትም አልነበረም ማለቱ ነው። በግሪኩ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቃል «ዶሬአን» ነው፤ ይኸው ቃል በማቴዎስ 10፥8 ሲመጣ ተርጓሚዎቹ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ብለውታል፤ በገላትያ 2፥21 ደግሞ «ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ» ብለውታል። በቀደመው ዐማርኛ «በከንቱ» ሁለቱንም፣ ያለ ዋጋ የሚለውንም ያለ ጥቅም የሚለውንም፣ ይሸከም ነበር፤ ዛሬ ግን የቀረው ሁለተኛው ብቻ ስለ ሆነ ወጣት አንባቢ ማቴዎስን ሲያነብ «ያለ ጥቅም ተቀበላችሁ» የተባለ ይመስለዋል። «እንዲያው» ግን እስከ ዛሬ አልደበዘዘም። የሮሜውን ጥቅስ የተረጎመውን ሰው ባገኘው ስለዚች አንዲት ቃል እጅ እነሣው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብሁትን ልጨምር። ያለ ሥራ ዋጋ ምሕረት ማግኘት የሚለው አሳብ በኦርቶዶክሳውያን የዘወትር አነጋገር ውስጥ የለም የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት፣ በማይኖርበት ቤት ስለሚፈልጉት ነው። የሚኖረው «ጸጋ» በሚለው ቃል ሥር ሳይሆን «ቸርነት» በሚለው ሥር ነው። የጎንደር እናቶች «እንደ ቸርነትህ እንጂ እንደ ሥራችን አይሁን» ሲሉ ከፊት ለፊት ያቆሙት በትክክል ሥራን ነው። የአክስትዎ ልጅ «በቸርነቱ» ብሎ ቢሆን ኖሮ መሪጌታው «አሜን» ይሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ክርክሩም ቢያንስ ለዚያ ቀን ባልተነሣ ነበር።

«ሥራ» የሚለውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ከ«ሃይማኖት» ጋር ተጣምሮ የሚመጣው «ምግባር» ነው፤ «ገብረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የሰውን አኗኗር በሙሉ ይይዛል። ከታዘዘው አልፎ የሚደረገው በጎ ነገር ደግሞ «ትሩፋት» ይባላል፤ ከ«ተረፈ» ነውና ቃሉ ራሱ የተረፈውን ያሳያል። «በምግባር አይዳንም» ብሎ ለመሪጌታ መናገር «በአኗኗራችን ምንም ለውጥ የለም» የማለት ያህል ይከብዳል፤ ጳውሎስን ጠቅሰው የሚናገሩት ወገኖችም ይህን አይሉም፤ ኤፌሶን 2፥10 «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ተፈጠርን ይላልና። መስተዋድዱም ያሳስታል፦ ኤፌሶን 2፥9 «ከሥራ አይደለም» ሲል ያዕቆብ 2፥24 ግን ሰው «በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ ላይ ያለው አንድ መስተዋድድ ነው። «ከ» ምንጭን፣ «በ» መሣሪያን ስለሚያመለክቱ፣ ዐማርኛውን ብቻ የያዘ አንባቢ ተርጓሚዎቹ ያላሰቡትን ልዩነት ሊያነብበት ይችላል። ከዚያው ሳልወጣ፦ ኤፌሶን 2፥8 በ1954ቱ ትርጉም «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ነው የሚለው። ሰዎች በቃላቸው ሲጠቅሱት «በጸጋ ድነናል» ይላሉ፤ አሳቡ ቢቀራረብም በጽሑፉ ላይ ባለቤቱ «ጸጋው» ነው፤ አዳኙ እርሱ፣ እኛ ተሳቢዎች ነን። ጥቅሱን ባለበት ማንበብ የአክስትዎን ልጅ አሳብ ይበልጥ ያጠነክርለታል እንጂ አያደክምበትም።

ወደ ሦስቱ ግሶች ስመጣ፣ አንድ አይደሉም። «ተመካ» ከግእዙ «ተመክሐ» የመጣ ሲሆን በዐማርኛ ሁለት ነገር ይላል፤ አንድም ተማመነ፣ አንድም ኮራ፣ ታበየ። ከአንዱ ግንድ «መመኪያ» የሚለው የተወደደ ቃልና «ትምክህት» የሚለው የተነወረ ቃል ወጥተዋል፤ በግእዝ ግን እመቤታችን «ትምክሕተ ዘመድነ» (የወገናችን መመኪያ) ስትባል ነውር የለበትም። «ማንም እንዳይመካ» የሚለው ሐረግ የዐማርኛ አንባቢን የሚወጋው ሁለቱን ፍቺ በአንድ ጊዜ ስለሚያሰማው ነው፤ በሥራው ተማምኖ የቆመው ሰውና በሥራው የሚኩራራው ሰው በአንድ ግስ ይያዛሉ። ስለዚህ «በሥራ አይመካም» ጥሩ ዐማርኛ ነው፤ «በጸጋው እመካለሁ» ማለትም ያስኬዳል፣ ሆኖም ኩራት እንዳይመስል የሚሻ ሰው «እታመናለሁ» ወይም «እደገፋለሁ» ቢል ይሻለዋል። ሁለቱ በምሳሌ 3፥5 ጎን ለጎን ይገኛሉ፦ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ»። «ታመነ» የልብ ነው። «ተደገፈ» የአካል ነው፤ በጎንደር አድባራት ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የቆመ ደብተራ በመቋሚያው እንደሚደገፈው ማለት ነው። መቋሚያው ባይኖር መቆም የሚሳነው ይኸው ሰው ደግሞ ዜማውን የሚያዜመው ራሱ ነው፤ «ተደገፈ» የሚለው ግስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን በውስጡ የያዘበት አንድም አገባብ አላየሁም።

«ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ» የሚለው ከዚሁ ቤት የወጣ ነው፤ ነገር ግን ርቆ ሄዷል። እዚያ «በጸጋ» ማለት ሳያጉረመርም፣ በመልካም ፈቃድ ማለት ነው። በ«ጸገወ» ውስጥ የነበረው የሰጪው በጎ ፈቃድ እዚህ ወደ ተቀባዩ ዞሯል፤ ከፊቱ የቆመው ተቃራኒም ባሕርይ ወይም ደመወዝ ሳይሆን ቂም ነው። «የተፈጥሮ ጸጋ» ስንል ደግሞ ወንዙንና አፈሩን ማለታችን ስለ ሆነ ሰጪው ከቃሉ ውስጥ ጠፍቶ ስጦታው ብቻ ቀርቷል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ የግሡ ሥር በጸሎቱ «ጸ» ስለ ሆነ «ጸጋ» እንጂ በፀሐዩ «ፀ» አይጻፍም፤ «ጸጋዬ» የሚለው ስምም እንደዚሁ ነው።