ኔትወርኩ ሲጠፋ ዳታው የት ይገባል?

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳነባቸው ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሱቅ ውስጥ ካሜራ ተሰቅሏል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሴንሰር ሊገባ ነው፤ መኪና ላይ ጂፒኤስ ታስሯል። ሁሉም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። መብራትና ኔትወርክ ደግሞ እንደምታውቁት ናቸው፣ ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይሄዳሉ። እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሱቅ አለኝ። ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ዘግቼ ቤት ስገባ ሱቄን በስልኬ እንዳይ አራት ካሜራ አስገጠምኩ። የገጠመልኝ ልጅ ሁሉንም ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ ላይ አደረገው። አሁን የወር ፓኬጄ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ደህና ምስል የሚሰጥ አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ይልካል። በሰዓት 900 ሜጋባይት ማለት ነው፣ በቀን 21.6 ጊጋ። አራቱ አንድ ላይ በቀን ከ86 ጊጋ በላይ፣ በወር ደግሞ 2,600 ጊጋ ገደማ ይጠጣሉ። ይህን የሚችል ፓኬጅ ፍለጋ አትድከም። አብዛኛው የተዘጋ በርና የቆመ መደርደሪያ ምስል ነው።

ቀረጻውን እዚያው ሱቅ አስቀረው። ሃርድ ዲስክ ያለው መቅጃ ሳጥን፣ ሰው ዲቪአር የሚለውን ግዛ። የአንድ ቴራ ዲስክ አራቱን ካሜራ 11 ቀን ያህል ይይዛል፣ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይቀዳል። ወደ ክላውድ የሚሄደው ሱቁ ዝግ ሆኖ እንቅስቃሴ ሲታይ የሚቀረጸው አጭር ቪዲዮ ብቻ ይሁን። እሱም የሚያስፈልግህ ሌባ ከገባ ሳጥኑንም ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ያቺ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ግን ቀድማው ወጥታለች። ሳጥኑን ቆልፍበት፣ ግን አየር ይግባው። ቆርቆሮ ሥር ከፍ አድርገህ አትስቀለው፤ የድሬ የግንቦት ሙቀት ሃርድ ዲስክ ይገድላል።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራው ፓስዎርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ስልሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ ፓስዎርዶችን እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በእነሱ በተከፈተ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለሰዓታት ተቸግረዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው ምን እየሠራ እንደሆነ አላወቁም።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ፋርማሲ አለኝ። ለኢንሱሊን ፍሪጅ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ልገዛ ነው። ሻጩ «ዳታው ክላውድ ላይ ስለሆነ አታስቢ» ይለኛል። ላስብ ወይስ አላስብ?

መልስ፦ አስቢ፣ እህቴ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከሞቀ ይደክማል፣ በረዶ ከሆነም አይሠራም። የሚወጋው ሰው ደግሞ ስኳሩ አልወርድ ሲለው ጥፋቱ የፍሪጁ መሆኑን በምን ያውቃል?

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ፋርማሲ ውስጥ ቁጭ ብለን ሞከርነው። መድኃኒቱን ወደ ሌላ ፍሪጅ አዛወርን። ፍሪጁ፣ ሴንሰሩና ራውተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ነበር የተሰኩት። መብራት እንደጠፋ አድርገን ዲቫይደሩን ነቀልነውና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ጠበቅን። አፑ «4.6» ይላል። ከሁለት ሰዓት በኋላም «4.6» ይላል። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥነው ተራ ቴርሞሜትር ግን 9 አልፏል። አፑ ሲያሳየን የቆየው የመጨረሻውን ቁጥር ነበር። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት መውጫ የለውም።

ስለዚህ እነዚህን ጠይቂ። የራሱ ባትሪ አለው? ኔትወርክ ሲጠፋ ልኬቱን ከነሰዓቱ እዚያው ይዞ፣ መስመር ሲመለስ ይልካል? በሲም ካርድስ ይሠራል? ሲሙን ከራውተርሽ የተለየ ኦፕሬተር አድርጊው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለሆነ ሁለት ምርጫ አለን፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሊኖር ይችላል። የዳታው ወጪ አያስፈራሽ። በየአምስት ደቂቃው ቢልክ በቀን 288 ልኬት ነው። እያንዳንዱ 100 ባይት ቢሆን በቀን 30 ኪሎባይት አይሞላም። በስልክሽ የምታነሺያት አንዲት ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

አሁን ክላውዱ በእርግጥ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። እንዲህ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚነጋገሩበት ኤምኪውቲቲ የሚባል ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራው መስመሩ ውድና ደካማ በሆነበት ቦታ ያሉ የነዳጅ ቧንቧዎችን ለመከታተል ነው። አንድ በጣም የምወደው ነገር አለው። ዕቃው ገና ሲገናኝ «ድንገት ድምፄ ከጠፋ ይህን ተናገሩልኝ» ብሎ ኑዛዜ መተው ይችላል። ዝም ሲል መልእክቱን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያንን ኑዛዜ ያደርሳል። ሴንሰሩ መጮህ ባይችልም ዝምታውን የሚሰማ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን «ሴንሰሩ ለ15 ደቂቃ ዝም ካለ ስልኬ ይጮሃል?» በዪው። አዎ ካለሽ፣ ብሩን ከመስጠትሽ በፊት እዚያው ፊትሽ ነቅሎ ያሳይሽ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ የአያቶቻችንን ቤት ለእንግዳ እናከራያለን። ራውተሩ በር አጠገብ ነው። ውስጠኛው ክፍል ዋይፋይ አይደርስም። ትልቅ ራውተር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። ጥፋቱ የራውተሩ አይደለም፣ ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ቶሎ ይደክማል። ባለ 2.4ቱ ትንሽ ይሻላል። የሚያዛልቅሽ ኬብል ስቦ ውስጥ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሌላ ትንሽ ዕቃ፣ አክሰስ ፖይንት የሚባለውን፣ ማስቀመጥ ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። አደራ፣ ግድግዳውን እንዳታስበሺ። ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ኬብሉን በበሩ ራስ አሳልፈሽ ከነደባው (ከመቀመጫው መደብ) በላይ፣ ስፌቶቹ በተሰቀሉበት በኩል ብትወስጂው አይታይም።

ጥያቄ፦ «ቀይ ባሕር ላይ ገመድ ተቆረጠ» ሲባል የኛ ኢንተርኔት ምን አገባው? ባሕር የለን።

መልስ፦ ባሕር የለንም፣ መንገዳችን ግን ወደ ባሕር ነው። ድሬን ድሬ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የደረሰው ባቡር ነው። ዛሬ ዳታችን ከአገር ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ያው ጅቡቲ ነው። እዚያ ድረስ በፋይበር ይሄዳል፣ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ ወደ አውሮፓና እስያ። በየካቲት 2016 ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂና ሲኮም የተባሉት ገመዶች ቀይ ባሕር ውስጥ ሲቆረጡ ጥገናው ወራት ፈጅቷል። ያኔ በእነሱ ይሄድ የነበረው ሁሉ በተረፉት ላይ ይጨናነቃል። ርቀቱ አይደለም ችግሩ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሳቢያን ቁጭ ብለህ ከዚራ ያለውን ካሜራህን ስታይ ምስሉ ሌላ አገር ደርሶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ነው፣ ለዓለም ስልክና ካሜራ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ይጋራል። ስልክህ ካሜራህን በቀጥታ አንኳኩቶ አያገኘውም፣ መሀል ላይ አገናኝ ሰርቨር ያስፈልጋል። ያ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ያለው ውጭ ነው። አይፒቪ6 የተባለው አዲሱ አድራሻ እጥረቱን ይፈታል፤ ሁሉም ቦታ እስኪገባ ግን እየጠበቅን ነው። ለዚህ ነው አገር ውስጥ የዳታ ማዕከል ሲከፈት የምደሰተው። የጎረቤት ወሬ ባሕር ተሻግሮ መምጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ ጉግል ላይ ያለኝ 15 ጊጋ በልጆቼ ፎቶ ሞላ። ከስልኬ ላይ ልሰርዝ ወይስ ልክፈል?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አትሰርዢ። 15 ጊጋው ለፎቶ ብቻ አይደለም፣ ኢሜይሉም ከዚያው ይቆርጣል። መጀመሪያ ረጃጅም ቪዲዮዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ሦስት ቅጂ ነው፦ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። አንቺ ስልክ፣ ሃርድ ዲስክና ክላውድ ካሉሽ በቃ፣ ተሟላ። ክላውዱን ብቻ ግን አትመኚ። ክላውድ ማለት የሆነ ቦታ ያለ ሕንፃ ነው። በመጋቢት 2013 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ዳታቸውን አጥተዋል።

ቤት ብቻ ማስቀመጥም ይጎዳል። በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከጎርፉ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጭቃ የጠጣ የሠርግ አልበም ገጽ በገጽ ሲያላቅቁ አይቻለሁ። ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ይነሳ ነበር። ከሟች ባለቤታቸው ፎቶ የቀረው የኮቱ እጅጌ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩን ገልብጠሽ ስትጨርሺ እህትሽ ቤት አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪናዬ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስደውን የደወሌን መንገድ ሲይዝ ከጂፒኤሱ ላይ ይጠፋል። ሾፌሩ ነቅሎት ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ ልጁን ከመጠርጠርህ በፊት ዳታውን እይ። ትራከሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ላንተ ለመንገር ነው። ደህናው ዓይነት ኔትወርክ በሌለበት ያለፈበትን ይዞ ይቆይና ሲያገኝ አንድ ላይ ይልካል። ስለዚህ መኪናው ከተማ ከገባ በኋላ ካርታውን እንደገና ክፈተው። የጠፋው መንገድ ተሞልቶ ከታየህ ኔትወርክ ነበር። ባዶ ከሆነ የመነቀል ማስጠንቀቂያ ተመዝግቦ እንደሆነ ተመልከት፤ ብዙ ትራከሮች ከመኪናው ባትሪ ሲነቀሉ በራሳቸው ትንሽ ባትሪ ያንን ይይዛሉ። እሱም ከሌለ፣ የገዛኸው ዳታ መያዝ የማይችል ርካሹን ሊሆን ይችላልና ከሾፌሩ በፊት ሻጩን አነጋግር።