የባርበር ላይሰንስ በካሊፎርኒያ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ባለው ፀጉር ቤት ወለል እየጠረግኩ ነው። አሁን ሎስ አንጀለስ የባርበር (የወንዶች ፀጉር አስተካካይ) ላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ ይዤ እቆርጣለሁ። ወንበሬ ላይ ከሚቀመጡት ወጣቶች ግማሾቹ ስለ ላይሰንሱ ይጠይቁኛል። እዚህ የምመልሰው ስለ ካሊፎርኒያ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አገር ቤት ስድስት ዓመት ቆርጫለሁ። እንደገና ተማሪ መሆን አለብኝ?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ለባርበር የሚጠየቀው 1,000 ሰዓት ትምህርት ነው። በፊት 1,500 ነበር፤ ከጃንዋሪ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተቀነሰ። የተግባር ፈተናውም ቀርቷል፣ አሁን የጽሑፍ ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ካለህ አስተርጉመህና አስገምግመህ ለቦርዱ ማቅረብ ትችላለህ። ቦርዱ ላይሰንሱን የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ የባርበሪንግና ኮስሞቶሎጂ (የውበት ሥራ) ቦርድ ይባላል። ሳምንት 35 ሰዓት ከተማርክ ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል። ማታ ማታ ኡበር እየነዳህ 20 ሰዓት ብቻ ከተማርክ ደግሞ ዓመት ይሞላሃል።

ጥያቄ፦ ፌድ (ከታች ወደ ላይ ቀስ በቀስ የሚረዝም ቁርጥ) መሥራት ለሚችል ሰው 1,000 ሰዓት ምን ያደርጋል? ገንዘብ ለመሰብሰብ አይደለም?

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ አስብ ነበር። ሕጉ ከ1,000ው ውስጥ 800ውን እንዲህ ይመድባል፦ ቢያንስ 100 ለጤናና ደህንነት፣ 100 ለመሣሪያ ንጽህና፣ 200 ለኬሚካል ሥራ፣ 200 ለፀጉር አሠራር፣ 200 ለጢም መላጨትና ማስተካከል። እኔን የለወጡኝ የመጀመሪያዎቹ 200 ሰዓታት ናቸው።

ልጅ ሆነን ቆረቆር የያዘው ልጅ በየክፍሉ ነበር። ፈንገሱ በማበጠሪያና በቶንዶስ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኛ ግን ቶንዶሱን እፍ ብለን ቀጣዩን ልጅ እናስቀምጥ ነበር። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ይህን የሰማሁ ቀን አገር ቤት አንዱን ምላጭ ለስንት ሰው እንደተጠቀምኩበት አስቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ፀጉሩ ይራገፋል፣ ማበጠሪያውና መቀሱ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ከዚያ ጀርም ገዳዩ ፈሳሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል፣ በፈሳሹ ዕቃ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላም ይቆያል። ቆሻሻ ላይ የተረጨ መድኃኒት ሥራውን አይሠራም። ቶንዶስ ፈሳሽ ውስጥ አይገባም፤ ተቦርሾ ይረጫል ወይም በመድኃኒቱ ይጠረጋል። ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጣላል። ደንበኛው ላይ የምናለብሰው ጨርቅም አንገቱን መንካት የለበትም። መሃሉ ላይ ንጹሕ ፎጣ ወይም የአንገት ወረቀት ይገባል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ፈተናው በአማርኛ አለ?

የለም። ስፓኒሽ፣ ቬትናምኛና ኮሪያኛ አለ፤ አማርኛ ግን የለም። እኔ ቃላቱን በደብተር በሁለት ዓምድ ጽፌ ነው ያጠናሁት፣ እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ቃላት ይደጋግማሉ። ጠንክረህ ካነበብክ ታልፋለህ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ባርበር ካልሆንኩ ብሎ አስቸግሮኛል።

እህቴ፣ ላይሰንስ ለማግኘት 17 ዓመት ሊሞላውና አሥረኛ ክፍል ሊጨርስ ይገባል። እባክሽ አትከልክይው፣ ጥሩ ሙያ ነው። ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቢገባ ደስ ይለኛል። ፀጉር ቤት ሲከፍት ሒሳብና ውል ማንበብ አለበት።

ጥያቄ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለኝም።

በግብር ከፋይ ቁጥር፣ በአይቲን፣ ማመልከት ይቻላል። ላይሰንሱ ግን የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት እንዴት ልምረጥ?

ቦርዱ ያጸደቀው መሆኑን ከመክፈልህ በፊት ራስህ አረጋግጥ። እኔ መጀመሪያ የሰው ወሬ አምኜ የከፈልኩበት ቦታ ሰዓቴን በትክክል አልመዘገበልኝም። ሁለት ወር ለፍቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። ስለዚህ በየሳምንቱ የሰዓትህን ቅጂ ጠይቅ፣ ቤትህም አስቀምጥ። ደግሞ ሄደህ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበትን ክፍል እይ። ተማሪዎቹ እውነተኛ ሰው ካልቆረጡ፣ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ኮስሞቶሎጂ ልማር ወይስ ባርበር?

እዚህም 1,000፣ እዚያም 1,000 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ምላጭ ነው። ጢም በምላጭ መላጨት የሚፈቀደው ለባርበር ብቻ ነው። ኮስሞቶሎጂ ግን ጥፍርና የፊት ቆዳ እንክብካቤ ይጨምራል። ልብሽ ወንዶች ፀጉር ቤት ከሆነ ባርበሩን ተማሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። መውጣቴ አይቀርም፣ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

በቴክኒክና ሙያ ሰልጥን፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን ውሰድ። ሰርተፊኬቱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ሰዓት ምን እንደተማርክ የሚያሳይ ወረቀት በማኅተም ያዝ። እዚህ መጥተው ይህን ወረቀት ከአገር ቤት የሚያፈላልጉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ላይሰንስ አለኝ። ባለቤቱ ወንበር ላከራይህ ይለኛል፣ ግን ዋጋውን እሱ ነው የሚወስነው።

እንግዲያው ተከራይ አይደለህም። ወንበር የሚከራይ ሰው ዋጋውን፣ ሰዓቱንና ቀጠሮውን ራሱ ይወስናል፣ ገንዘቡንም በቀጥታ ከደንበኛው ይቀበላል። እሱ ሁሉንም ከወሰነ ተቀጣሪው ነህ፣ የተቀጣሪ መብት ይገባሃል። ውሉን በጽሑፍ አድርግ። አለበለዚያ በግብር ወቅት የምትጨነቀው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ላይ ብጉር ይፈነዳብኛል። የላጩ ጥፋት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ወደ ቆዳው በጣም ተጠግቶ ሲላጭ ጫፉ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ያ ነው የሚያብጠው። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ላጨኝ በለው፣ ቆዳህንም አይወጥረው። ካልተሻለህ ምላጩን ተወውና በቶንዶስ አሳጥረው።