ኮምፒዩተሬ አስተዳዳሪነቴን ካደኝ፦ ስለ ሊኑክስ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሰቃ በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒዩተር ማስኬጃ የሆነው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር የገዛ ባለቤቱን ሥልጣን የለህም ብሎ ሲመልሰው ምን ይደረግ የሚል ነው። ትእዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ግን በላቲን ፊደል መጻፍ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አዲስ ፕሪንተር ለማስገባት ስሜን ፕሪንተር ከሚያስተዳድሩት ቡድን ጋር የሚደምር ትእዛዝ አንድ ሰው ጽፎ ሰጠኝና ሠራልኝ። በማግስቱ ማሽኑን ሳስነሳ ግን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ሱዶ የተባለው ትእዛዝ፣ ስሜ ባለሥልጣኖቹ በተዘረዘሩበት በሱዶኤርስ ፋይል ውስጥ እንደሌለና ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ ነገረኝ። ሪፖርቱ ለማን ነው? ሥልጣኔስ ይመለሳል?

መልስ፦ ሪፖርቱ ከማሽንዎ አይወጣም፤ በራሱ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ለማንም የውጭ አካል አይላክም፤ ስለዚህ አይስጉ። የደረሰብዎ ነገር በጣም የተለመደ ነው። ተጠቃሚን ወደ ቡድን የሚያስገባው ዩዘርሞድ የተባለው ትእዛዝ ከትልቁ ጂ በፊት ትንሿ ኤ ካልተጻፈችለት አዲሱን ቡድን በነባሮቹ ላይ አይጨምርም፤ ነባሮቹን ሁሉ ሰርዞ አዲሱን ብቻ ይተዋል። ኡቡንቱ ሲጫን የመጀመሪያውን ተጠቃሚ አስተዳዳሪ የሚያደርገው «ሱዶ» በተባለው ቡድን ውስጥ በማስገባት ስለሆነ፣ ከዚያ ቡድን የወጣ ሰው ሥልጣኑንም ያጣል። በዚያው ቀን ያልታወቀዎት ደግሞ የቡድን ለውጥ የሚጸናው ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና ሲገባ በመሆኑ ነው።

ለመመለስ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ፣ በቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሺፍትን ይጫኑ፤ ግሩብ የተባለው የማስነሻ ዝርዝር ይመጣል። ከተጨማሪ አማራጮች ውስጥ የመልሶ ማቋቋሚያውን፣ ማለትም ሪከቨሪ ሞድ የሚለውን ይምረጡ፤ ቀጥሎም ሩት የሚለውን፤ ሩት ማለት በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዋና አስተዳዳሪ ነው። ዲስኩ በዚህ ጊዜ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ለጽሕፈትም እንዲከፈት በማውንት ትእዛዝ፣ ሪማውንትና አርደብሊው የሚሉትን አማራጮች ሰጥተው፣ ዋናውን ማውጫ (/) እንደገና ይክፈቱ። ይህን የዘለለ ሰው የሚጽፈው ሁሉ አይቀመጥለትም። ከዚያ ዩዘርሞድን በትንሿ ኤና በትልቁ ጂ፣ ቀጥሎ ሱዶ የሚለውን የቡድን ስም፣ በመጨረሻም የእርስዎን የተጠቃሚ ስም አስከትለው ይጻፉ። አድም፣ ሲዲሮም፣ ዲፕና ፕለግዴቭ ከሚባሉት ቡድኖችም አብረው ወጥተዋልና በዚያው መንገድ ይመልሷቸው። ፌዶራ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀሙ አንባብያን ካሉ፣ በእነርሱ ዘንድ የአስተዳዳሪዎቹ ቡድን «ዊል» ይባላል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ኮምፒዩተሬ ሲነሣ የይለፍ ቃሌን ይቀበላል፤ ተርሚናል ላይ ሲጠይቀኝ ግን ተሳስተሻል ይለኛል። የምጽፈውም አይታየኝም።

መልስ፦ ፊደላቱ አለመታየታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ከጎንዎ ያለ ሰው የቃሉን ርዝመት እንኳ እንዳያውቅ ተብሎ ነው። አለመቀበሉ ግን ምናልባት የአማርኛው ኪቦርድ ሳይቀየር በመቅረቱ ይሆናል። በአማርኛ ስንጽፍ ቆይተን ወደ ተርሚናል ስንሻገር የላቲኑን ቁልፍ የተጫንን ይመስለናል፤ ማሽኑ የሚቀበለው ግን የግእዝ ፊደል ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ፤ ከዚያም በተርሚናሉ ላይ የይለፍ ቃልዎን ሳይሆን ሌላ ማንኛውንም ቃል ጽፈው ፊደሉን ያረጋግጡ። ካፕስ ሎክም ይታይ።

ጥያቄ፦ አጋሮ ባለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ፎልደር አልከፈት ሲለኝ፣ ለመላው ዲስክ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት የሚል ፈቃድ እንድሰጥ ተመከርኩ። ፎልደሩ ተከፈተ፤ አሁን ግን ሱዶ ጭራሽ አይሠራም፤ ባለቤቱ ሩት መሆን እንዳለበትና ሴትዩአይዲ የሚባል ምልክት እንደሚያስፈልገው ይነግረኛል።

መልስ፦ ይህን ምክር ለሰው የሚሰጥ ሁሉ እጁን እንዲሰበስብ ከልቤ እለምናለሁ። በሊኑክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይቆጠራሉ፤ ድምራቸው 7 ነው። ሦስቱ አኃዞች በቅደም ተከተል የባለቤቱን፣ የቡድኑንና የሌላውን ሰው ሁሉ ፈቃድ ያመለክታሉ። እንግዲህ 777 ማለት ማንም ያንብብ፣ ማንም ይጻፍ፣ ማንም ያስኪድ ማለት ነው። የማኅበራችሁን የቡና መጋዘን ከነሒሳብ መዝገቡ ክፍት አድርጎ እንደማደር ነው።

ሱዶ የቆመበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። ሱዶ የሩት ንብረት የሆነ ፕሮግራም ሲሆን፣ ማንም ቢያስጀምረው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ልዩ ምልክት አለው፤ ሴትዩአይዲ የሚባለው እርሱ ነው። ፈቃድ የሚለውጠው ቸሞድ የተባለው ትእዛዝ 777ን ከነውስጡ ሲሰጥ ከፋይሎቹ ላይ ይህን ምልክት ጠራርጎ ያነሣል። በሪከቨሪ ሞድ ገብተው ዩኤስአር ውስጥ ባለው ቢን ፎልደር ለሚገኘው የሱዶ ፋይል 4755፣ ኢቲሲ ውስጥ ላለው የሱዶኤርስ ፋይል ደግሞ 440 ፈቃድ መስጠት ሱዶን ለመመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሌሎቹ የሱዶ ፋይሎችም ለማንም ክፍት ሆነው ስለቀሩ ግን ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ነገር ግን በዚያ ረክተው እንዲቀመጡ አልመክርዎትም። የይለፍ ቃሎች ተመስጥረው የሚቀመጡበትን ሻዶ የተባለውን ፋይል ጨምሮ ብዙ ሺህ ፋይሎች ትክክለኛ ፈቃዳቸውን አጥተዋል፤ አንድ በአንድ መመለስም የሚቻል ሥራ አይደለም። የሰው ገንዘብ የተመዘገበበት ማሽን ስለሆነ፣ ከፍላሽ በሚነሣ ኡቡንቱ ገብተው የራስዎ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የሆም ፎልደርዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ የሒሳብ ፋይሎቹ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በትክክል መከፈታቸውን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ሊኑክስን እንደ አዲስ ይጫኑ። ለመጀመሪያው ችግርዎ ይበቃ የነበረው በቾውን ትእዛዝ የዚያን የአንዱን ፎልደር ባለቤትነት ወደ ራስዎ ስም ማዛወር ነበር፤ ያውም ፎልደሩ የእርስዎ ሥራ የሚገኝበት ከሆነ ብቻ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስም ሊኑክስም ባለበት ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውሱን ዲስክ ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ ግን በሱዶም አልቻልኩም።

መልስ፦ የሥልጣን ጉዳይ አይመስለኝም። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ በሚባለው አሠራር ሲዘጋ ዲስኩን በከፊል እንደያዘው ስለሚተኛ፣ ሊኑክስ መረጃው እንዳይበላሽ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው ይህን አሠራር ያጥፉትና ማሽኑን በሙሉ ይዝጉት።

ጥያቄ፦ ሂርማታ አካባቢ ኮምፒዩተር አሠለጥናለሁ። ሠልጣኞቼ በየደቂቃው የይለፍ ቃል እየጠየቁ ስላስቸገሩኝ ሁሉንም አስተዳዳሪ ላድርጋቸው?

መልስ፦ አይሆንም። ለሠልጣኞቹ ተራ የተጠቃሚ ስም ይስጡ፤ አስተዳዳሪው እርስዎ ብቻ ይሁኑ። አንድ የተወሰነ ሥራ ዘወትር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ፣ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ በሱዶኤርስ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ይህን ግን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ሳይሆን ቪሱዶ በተባለው ትእዛዝ ያድርጉት፤ ከማስቀመጡ በፊት የአጻጻፍ ስሕተት መኖሩን ይመረምራልና። የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራምን ከተፈቀዱት ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ማረሚያውን በሩት ሥልጣን የከፈተ ሠልጣኝ የትኛውንም የሲስተም ፋይል መለወጥ ስለሚችል አስተዳዳሪ ከመሆን አይተናነስም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑን የጫነልኝ ልጄ አዲስ አበባ ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ። የቤተ ዘመድ ፎቶዎች አሉበት፤ እንዳላጣቸው እፈራለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ማሽኑ ሲነሣ ከስምዎ በፊት የዲስክ መክፈቻ ቃል የሚጠይቅዎት ከሆነና የጠፋብዎ እርሱ ከሆነ ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ ያለዚያ ቃል የሚከፍተው ባለሙያ የለምና እከፍታለሁ ለሚልዎት ገንዘብ አይክፈሉ። የጠፋብዎ ስምዎ ከመጣ በኋላ የሚጠየቁት ቃል ብቻ ከሆነ ፎቶዎቹ አይነኩም፤ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት በነገርኩት መንገድ ሪከቨሪ ሞድ ገብቶ፣ ዲስኩን ለጽሕፈት ከፍቶ፣ ፓስደብሊውዲ በሚለው ትእዛዝ ለስምዎ አዲስ ቃል ማውጣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ኪሪንግ የሚባለው የምስጢር ማኅደር አሮጌውን ቃል መጠየቁን ይቀጥላል፤ እርሱን ሲሰርዙት ተቀምጠው የነበሩ የዋይፋይና የመሳሰሉት ቃሎች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ፎቶዎቹ ግን እዚያ ውስጥ አይደሉም። ማንም ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ለልጅዎ ይደውሉና ሁለቱን ይጠይቁት፤ ዲስኩን መስጥሮት እንደሆነና ቃሉን የጻፈበት ቦታ እንዳለ።